ልምድ ቀስመን ተመልሰናል

አዲስ አበባ ከላይፕዚግ ጋር እህትማማች የሆነችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ ዋሽንግተን ዲሲም በ2013 ተጨመረች። እህት ሲበዛ ደግሞ ጥየቃውም ይበዛል። የባህል ልውውጥ ጉዞ ሪፖርት ግን ከየትኛውም ከተማ ቢነሳ ያው ነው፦ «ፍሬያማ ውይይት አድርገን፣ ልምድ ቀስመን ተመልሰናል።» ከበሮ መቺው በቪዛ፣ ማሲንቆ ተጫዋቹ በበጀት እጥረት ይቀራሉ። የፋይናንስ ኃላፊው አይቀሩም። እናም እስክስታውን፣ ምን ይደረግ፣ እሳቸው በሙሉ ሱፍና በከረቫት ይወርዱታል፤ ትከሻቸው እንቢ ሲል በአንገታቸው እያገዙ። ፈረንጆቹ ባህሉ ይሄው መስሏቸው ያጨበጭባሉ። ሞሰብ ይሰጣል፣ የከተማ ቁልፍ ይመጣል፤ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት እንኳ የማይከፍት ቁልፍ! በመመለሻው ሻንጣዎቹ ከኪሎ በላይ ስለሚሆኑ የተቀሰመው ልምድ ከባድ መሆኑን አንጠራጠርም። አበሉ በወቅቱ ተወራርዷል። ልምዱ ግን እስካሁን አልተወራረደም።