እግር ያጣ ቴሌስኮፕ

ካርቶኑ ላይ በትልቁ «525 ጊዜ ያጎላል» ተብሎ ተጽፏል። ከጽሑፉ በላይ ቀለበቷን ያጠለቀች ሳተርን፣ ከጎኗ ደግሞ በሐምራዊና በወርቅማ ቀለም የተንቆጠቆጠ የኮከብ ደመና አለ። መርካቶ፣ የሕፃናት መጫወቻና የግድግዳ ሰዓት ከሚሸጥበት አንድ ሱቅ ውስጥ ነን። ሻጩ ምላሱ አያርፍም። «ጨረቃ ላይ ሰው ቢኖር መቼ እንደተላጨ ትነግረኛለህ» አለኝ። አብሮኝ የመጣው የፊዚክስ መምህር ጓደኛዬ ካርቶኑን አገላብጦ የሌንሱን ወርድ ፈለገ። 60 ሚሊ ሜትር ይላል፣ በደቃቅ ፊደል፣ ከሥር። «በሁለት አባዛው፤ 120 ነው። ከዚያ በላይ የሚጎላው ብዥታው ነው» ብሎ ክንዴን ይዞ አወጣኝ። ሻጩ እስከ በሩ ድረስ ተከትሎን ዋጋ ቀነሰ፤ ማጉሊያውን ግን አልቀነሰም።

ወደ አምቦ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከሆለታ እስከ ጊንጪ፣ ትምህርቱ ቀጠለ። ለዓይን የሚሆን ቴሌስኮፕና ለፎቶ የሚሆን ቴሌስኮፕ ወንድማማቾች ቢሆኑም አይነጋገሩም። ለዓይን ትልቅ መስታወት ይዘህ በሣንቃ ላይ ብታስቀምጠውም ያሳይሃል። ፎቶ ግን ጊዜ ይፈልጋል። አንድሮሜዳ የምትባለውን ጋላክሲ ውሰድ፤ ሙሉዋን ብናያት ኖሮ ሰማይ ላይ የስድስት ጨረቃ ያህል ርዝመት አላት። ትልቅ ናት፣ ደብዛዛ ናት እንጂ። ስለዚህ የካሜራውን ዓይን ለደቂቃዎች ከፍተህ ብርሃኗን ማጠራቀም አለብህ። ምድር ደግሞ አንተን አትጠብቅም፣ ትዞራለች፤ ጨረቃ የራሷን ወርድ የሚያህል መንገድ ለመሄድ 2 ደቂቃ ብቻ ይበቃታል። ቴሌስኮፑ ሰማዩን እየተከተለ ካልዞረ ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ጭረት ይሆናል። ቴሌስኮፑን ተሸክሞ የሚያዞረው ክፍል ማውንት ይባላል። «ከገንዘብህ ግማሹን ለማውንቱ አውጣ፤ ከተረፈህ ቱቦ ግዛ» አለ መምህሩ። አንድ ተሳፋሪ ዘወር ብሎ ቱቦው የውሃ መስመር መሆኑን ጠየቀን።

ገንዘቡ ያለው ሚኒሶታ ነበር። የአክስቴ ልጅ እዚያ ይኖራል፤ ለበዓል ሊመጣ ነው፣ ምን ላምጣልህ ሲለኝ ነገርኩት። ለሳምንታት በስልክ ተከራከርን። እሱ ትልቅ ቱቦ ይወዳል፤ 20 ሳንቲ ሜትር መስታወት ያለው፣ በርሜል የሚያህል። እኛ የጠየቅነው 80 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያላት፣ ክንድ የማትሞላ አጭር ቱቦ ነው። «ለዚህች ብለህ ነው ይህን የሚያህል ብረት የማሸክመው?» ይላል። መምህሩ ስልኩን ተቀብሎ አጭር ቱቦ ስሕተትን እንደሚሸፍን፣ ረጅም ቱቦ ግን የማውንቱን ትንሿን መንቀጥቀጥ ሁሉ አጉልቶ እንደሚያሳይ ያስረዳዋል። በመሐል አክስቴ ሰማች።

«ልጄ ስንት ክረምት በበረዶ ለፍቶ ያመጣውን ለኮከብ ቆጠራ? አውደ ነገሥት ጀመርክ እንዴ አንተ?»

ብንምልም ብንገዘትም አላመነችንም። ወሬው ከሷ ግቢ ወጥቶ ሲዞር ሰንብቶ፣ አንድ ቀን ጠዋት የማላውቃቸው ሴት በር አንኳኩተው ገቡ። ስማቸውንና የእናታቸውን ስም በወረቀት ጽፈው አመጡ፤ ኮከባቸው ውሃ ይሁን እሳት እንድነግራቸው ነው። ቴሌስኮፑ ገና አልደረሰም ብላቸው፣ «እንግዲያው ሲደርስ ቅድሚያ ለኔ» ብለው ወረቀቱን ትተውልኝ ሄዱ።

የአክስቴ ልጅ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ ይዞ መጣ። ቱቦዋ አለች። ማውንቱ አለ። ትራይፖዱ አለ። የማመዛዘኛው ክብደት የለም። ማውንት እንደ ሚዛን ነው፤ በአንድ በኩል ቴሌስኮፑና ካሜራው ሲንጠለጠሉ በሌላው በኩል የሚመጥናቸው ብረት ካልተሰካ ሞተሩ ይንገታገታል። «አምስት ኪሎ ብረት ከአሜሪካ ላምጣ? አምቦ ብረት ጠፋ?» አለ። በእሱ ቦታ ለአክስቴ ጫማና ቫይታሚን ገብቶበታል። አልፈረድኩበትም፤ አምቦ በእርግጥም ብረት አልጠፋም።

ትልቁ ጉድ ግን ሌላ ነበር። ማውንቱ ሰማዩን እንዲከተል አንዱ ዘንጉ ከምድር ዘንግ ጋር ትይዩ መቆም አለበት፤ ማለትም ወደ ሰሜን ኮከብ ማነጣጠር። የሰሜን ኮከብ ደግሞ ከአድማስ የሚኖረው ከፍታ አንተ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ያለህን ርቀት በዲግሪ ያህላል። የሚኒሶታዋ ሚኒያፖሊስ 45 ዲግሪ ላይ ስለሆነች የአክስቴ ልጅ አንጋጦ ያገኘዋል። አምቦ ከአዲስ አበባ ጋር በአንድ መስመር ላይ፣ 9 ዲግሪ ላይ ናት። የማውንቱን ራስ ዝቅ አደረግን፣ ዝቅ አደረግን፣ 15 ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ከዚያ በታች አይወርድም። በሠሪዎቹ አሳብ ውስጥ ከ15 ዲግሪ በታች ተቀምጦ ኮከብ የሚያይ ሰው የለም።

ወደ ብየዳ ቤት ሄድን። ባለሙያው ከአይሱዙ የወለቀ አሮጌ ፑሊ አውጥቶ መሐሉን በሞረድ አሰፋና ዘንጉ ላይ ሰካው፤ ለዚያች ሥፍራ የተፈጠረ መሰለ፣ ከኦሪጅናሉ ያምራል ብዬ እስካሁን አምናለሁ። ዲግሪው ላይ ስንደርስ ግን መምህሩ ጣውላ ላይ በጠመኔ ምድርን ስሎ፣ ወገቧን አስምሮ፣ አምቦን አስቀምጦ ማስረዳት ጀመረ። ባለሙያው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በትዕግሥት አዳመጠ። በመጨረሻ፣ «አሁን እኔ ምን ልቁረጥ?» አለ። 20 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ሽብልቅ፣ በአንደኛው ጫፍ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ የሚል። ስድስት ዲግሪ ማለት እሱ ነው።

«ይህችን ለማለት ነው ከጠዋት ጀምሮ ምድርን ስታዞሩ የዋላችሁት?» ብሎ ላሜራውን ቆረጠ።

ሽብልቁ ሲገባ ራሱ 9 ላይ ወረደ። ያን ጊዜ የአይሱዙው ፑሊ በስተ ሰሜን ካለው የትራይፖድ እግር ጋር ይጋጭ ጀመር። እግሩን ብናዞረው ደግሞ ሸክሙ ሁሉ እግር በሌለበት በኩል ሆኖ ወደ ሰሜን ያጋድላል። ለዚህ መድኃኒቱ ከአምቦ ሌላ የትም አይገኝም፤ በደቡቡ እግር ላይ አንድ ሳጥን አምቦ ውሃ አሰርንበት። ቆመ።

የቀረው የሰሜን ኮከብን ማግኘት ነበር። 9 ዲግሪ ማለት እጅህን ዘርግተህ ጡጫህን አድማስ ላይ ብታስቀምጥ የጡጫህ አናት ላይ ነው። በእኔ ግቢ እዚያ ቦታ ላይ የጎረቤቴ ባሕር ዛፍ አለ። ዛፎቹ የጎረቤቴ ባንክ ናቸው፤ የልጁን ቤት አጣና፣ የክፉ ቀን ወጪውን ሁሉ ከዚያ ነው የሚያወጣው። ለኮከብ ቁረጥልኝ አይባልም። ስለዚህ ሳያዩ ማነጣጠርን ተማርን። ከምድር ወገብ በላይ የምትወጣን አንዲት ኮከብ በካሜራው መሐል አስገብተህ ዝም ብለህ ታያለህ፤ ወደ ላይ ከሸሸች ዘንጉ ወዲህ፣ ወደ ታች ከሸሸች ወዲያ። ታስተካክላለህ፣ ደግመህ ታያለህ። ሥራው ጸጥ ያለ ይመስላል እንጂ ሁለት ሰው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ «ወዲህ!»፣ «ወዲያ ነው ያልኩህ!» እየተባባለ የሚጣላበት ነው። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ በታኅሣሥ ሌሊት ጤዛው ሌንሱን ያለብሰዋል፣ አንዱ በፎጣ መጠበቅ አለበት።

መብራት ሲጠፋ ግን ሌላ ዓለም ነው። ከተማው በሙሉ «ኧረ!» ሲል እኔ ደስታዬን መደበቅ ያቅተኛል። ማውንቱ የሚሠራው በ12 ቮልት ስለሆነ የባጃጅ ባትሪ ይበቃዋል፤ የመንገዱ አምፖል ጠፍቶ፣ የሆቴሉ ማስታወቂያ ጠፍቶ፣ ፍኖተ ሐሊብ ከአንዱ ጣሪያ እስከ ሌላው ይዘረጋል። እንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ የተተከሉት፣ ማዕከሉ በ2007 ሲመረቅ ያየናቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አንድ አንድ ሜትር ወርድ መስታወት አላቸው፤ የአዲስ አበባ ብርሃን ግን ከሥራቸው በየዓመቱ ይጨምራል። ለትልቅ ኦብዘርቫቶሪ የላሊበላ አካባቢ ተራሮች የተጠኑትም አንድም ለዚህ ነው። እኛ ጋ ብርሃኑን የሚያጠፋልን አለ።

አክስቴን ለማግባባት የሞከርኩት በዚያ ሰሞን ነው። በ2012 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሲሰጥ ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ «ቡና»፣ የምትዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ተባሉ። ኮከቧ እዚያው አንድሮሜዳ በኩል ናት፤ በባዶ ዓይን አትታይም፣ በትንሽ መነጽር ግን ትገኛለች። ቡና እያፈላች ነበርና ይህን ስነግራት ፊቷ ፈካ አለ። ጀበናውን አስቀምጣ፣

«ቶናውና በረካውስ?» አለች።

እስካሁን የታወቀው አቦሉ ብቻ ነው አልኳት። «አንድ ሲኒ ጠጥቶ የሚነሳ እንግዳ» ብላ ወደ ከሰሏ ተመለሰች።

ከግቢ ወጥተን ጨለማ ቦታ እንሂድ ያለው መምህሩ ነው። ወንጪ ያምራል፤ ደንዲም ያምራል። ከጊንጪ ወደ ደንዲ ሐይቅ በሚወስደው በኩል፣ ሳይመሽ ቦታ ለመምረጥ አንድ ሜዳ ዳር ላይ ትራይፖዱን ተከልን። ቱቦዋ ገና ከሻንጣ አልወጣችም። ሰዎች መጡ፤ መጀመሪያ እረኞች፣ ቀጥሎ ጎልማሶች፣ ቀጥሎ ዱላ የያዙ ሽማግሌ። ጥያቄው አንድ ነው፤ መሬቱን ልትለኩ ነው? ማን ላካችሁ?

በዚህ አገር ላይ ባለሦስት እግር መሣሪያ መትከል እንደ ሌላው ቦታ አይደለም። የገበሬውን መሬት ይወስዳል የተባለው የአዲስ አበባና ዙሪያዋ ማስተር ፕላን በወጣ ጊዜ፣ በሚያዝያ 2006 አምቦ ላይ፣ በኅዳር 2008 ደግሞ እዚሁ ጊንጪ በተቀሰቀሰው ተቃውሞ ስንት ወጣት ነው የሞተው። ዕቅዱ በጥር 2008 ተሰረዘ ቢባልም ሰው ትራይፖድ ሲያይ ቀያሽ ይታየዋል። ኮከብ ለማንሳት ነው ማለት ደግሞ ከዚህ ሁሉ የባሰ የውሸት ወሬ ይመስላል፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን አላምንም።

ወደ ቀበሌ ወሰዱን። ሊቀመንበሩ ጨዋ ሰው ነበር፣ ወንበር ሰጠን። የድጋፍ ደብዳቤ ጠየቀን። ከየትኛው መሥሪያ ቤት አልነው። እሱም አሰበበት። መሬት ቢሆን ከመሬት አስተዳደር፣ ዛፍ ቢሆን ከግብርና፤ ሰማዩን የሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ወረዳው ላይ የለም። በመጨረሻ መታወቂያችንን መዝግቦ፣ «መሣሪያችሁ ወደ ላይ እስካየ ድረስ ከኔ ጋር ጠብ የላችሁም፤ ሰዎቹ ግን ከመሸ አያዩላችሁም» ብሎ በጊዜ እንድንሄድ መከረን። ምክሩን ሰማን። በኋላ ደግሞ በአካባቢው ሌሊት መንገድ ላይ መገኘት ለማንም የማይመከርበት ዘመን መጣና ደንዲ በቀን ብቻ የምትታይ ሆና ቀረች። ባሕር ዛፉና እኔ ተስማማን።

ያም ሆኖ ዘጠኝ ዲግሪ የሚነፍገውን ያህል ይሰጣል። ሚኒሶታ ሆኖ የደቡብ መስቀልን ማየት አይቻልም፤ ከኔ ግቢ በሚያዝያ ምሽት በደቡብ በኩል ቀጥ ብሎ ይቆማል። ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባለው የኮከቦች ክምር ከጣሪያዬ በላይ ያልፋል፣ ሰሜን ላይ ደግሞ ትልቁ ድብ አለ። ሁለቱን የሰማይ ግማሾች አንድ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ የሚያይ ሰው ብዙ አይደለም። የፍኖተ ሐሊብ መሐል፣ ያ ፎቶ አንሺ ሁሉ የሚጓጓለት፣ ሰማይ ላይ ከፍ ብሎ ነው የሚያልፈው። ግን መቼ? በሰኔና በሐምሌ እኩለ ሌሊት፣ የአምቦ ሰማይ እንደ እንስራ በሚገለበጥበት ጊዜ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። ከምሽቶቹ ለሱ የምትቀረው መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲጠባ ያለችው ቁራጭ ናት።

ስለዚህ ዓይናችን ኦሪዮን በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ላይ አረፈ። በጥር፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከአናት በላይ ይሆናል፤ ደመና የለም፣ ጭጋግ የለም። ካሜራ ግን የለም። እኛ ካሜራ የምንዋሰው ከሰርግ ፎቶ አንሺ ነው፤ ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ነው። ሰማዩ ሲጠራ ሰው ይጋባል፤ ሰው ሲጋባ ካሜራው ጉደር ነው፣ ወይ ጊንጪ፣ ወይ አዲስ ዓለም። ከፋሲካ በኋላም ያው ነው። ካሜራው የሚያርፈው በዓቢይ ጾምና በክረምት ነው፤ ክረምቱ ዝናብ ነው፣ ጾሙ ላይ ኦሪዮን ወደ ምዕራብ እያዘነበለ ነው። በጾሙ መጀመሪያ አገኘነው። መምህሩ የአንድ አንድ ደቂቃ ፎቶ ደጋግሞ እያነሳ፣ በኋላ በኮምፒውተር አንዱን ባንዱ ላይ ደራረበው። ኦሪዮን ውስጥ ያለው ሮዝማ የኮከብ ደመና ክንፉን ዘርግቶ ወጣ፤ ዙሪያው ሁሉ በኮከብ ተረጭቷል። አምሳያው ከመርካቶው ካርቶን ላይ አለ ብዬ ብናገር መምህሩ ስለሚቆጣ ልተወው።

ለአክስቴ ልጅ በትልቁ አሳትሜ ልላክለት ብዬ አንድ ፎቶ ቤት ሰጠሁ። ወጣቱ ሠራተኛ ነገ ና አለኝ። በማግሥቱ ተጠቅልሎ ጠበቀኝ። ስፈታው ጥቁር ነው፤ መሐሉ ላይ ሮዝ ጭስ የመሰለ ነገርና ሦስት ነጥቦች ብቻ ቀርተዋል።

«ኮከቦቹስ?»

«የቱ? ነጠብጣቡ? ኡ፣ ወንድሜ፣ ካሜራችሁ ሌንሱ አቧራ ብቻ ነበር እኮ! እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት አንድ በአንድ አጸዳሁልህ። ሦስቱን ትልልቆቹን ግን ተውኳቸው፤ ያምሩ ነበር።»

ደረሰኙ ላይ ከማተሚያው ሥር የማጽጃ ተብሎ ለብቻው ተጽፏል።