ስሙን ከያዝን ይበቃናል

ከፋሲካ በኋላ ለንደን ውስጥ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ካለበት የሐበሻ ቤት ጎራ ያለ እንግዳ፣ ቡናው በረካ ሳይደርስ ስለ ሜታፎር፣ ስለ አናፎራና ስለ ሲቢላንስ ሰምቶ ነው የሚወጣው። ጂሲኤስኢ የሚሉት ፈተና ደርሷል። ልጆቹ የሥነ ጽሑፍ ስያሜዎችን በካርድ እየጻፉ ይሸመድዳሉ። አንዳንድ ሰዎች ይህን ልማድ ሲነቅፉ እሰማለሁ። «ስሙን እንጂ ነገሩን አያውቁም» ይላሉ። ነገሩን ማወቅ ስንት ሌሊት እንደሚፈጅ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይናገርም።

የካርዱን ጥበብ በቅርብ አይቼዋለሁ። የእህቴ ልጅ አንዱን አንስታ ሰጠችኝ። በአንድ ፊቱ «ሲቢላንስ» ይላል። ሲገለበጥ «የ‹ስ› ድምፅ ድግግሞሽ፤ ውጤቱ፦ እባብን ያስታውሳል፣ ክፉ ነገር እንደሚመጣ ያመለክታል» ይላል።

«ግጥሙ ስለ እናት ፍቅር ቢሆንስ?» አልኳት።

«ያኔ ድብቅ ክፋት ይሆናላ ጋሼ!»

በሌሎቹ ካርዶች ጀርባ ላይ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ይመላለሳል፦ አንባቢው ማንበቡን እንዲቀጥል ያደርገዋል። ለተነጻጻሪ ዘይቤም ይሠራል፣ ለግነትም ይሠራል፣ ለነጠላ ሰረዝም ሳይሠራ አይቀርም። ጸሐፊዋ ራሷ ማንበቡን አለመቀጠሏ የግል ጉዳይዋ ነው።

እኔ ከሁሉም የምወደው ፓቴቲክ ፋላሲን ነው። ጆን ረስኪን እ.ኤ.አ. በ1856 «ሞደርን ፔይንተርስ» በተባለው ሥራው ሦስተኛ ቅጽ ላይ ይህን ስም ያወጣው ለወቀሳ ነበር። ስሜት ያሸነፈው ገጣሚ የራሱን ኀዘንና ቁጣ ለባሕሩና ለዛፉ ሲያለብስ ዓለምን አዛብቶ ያያል ባይ ነው፤ «ፋላሲ»፣ ማለትም ስሕተት፣ ያለውም ለዚሁ ነው። የዛሬው ተማሪ ግን «ማክቤዝ» በነጎድጓድና በመብረቅ መከፈቱን አይቶ «ሼክስፒር ፓቴቲክ ፋላሲን በብቃት ተጠቅሟል» ብሎ ነጥቡን ይወስዳል። ረስኪን ብዙ ገጽ የፈጀበትን ወቀሳ ልጆቹ በአንዲት ካርድ ወደ ምስጋና መልሰውለታል። ሼክስፒር ስያሜው ከመውጣቱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ መሞቱም የብቃቱ ተጨማሪ ማስረጃ ነው።

ሥርዓቱም ያግዛል። አዲሱ ፈተና መሰጠት ከጀመረበት እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ተማሪው ያጠናውን መጽሐፍ ይዞ አይገባም። ስለዚህ ጥቂት አጫጭር ጥቅሶች ይሸመደዳሉ፤ የሚመረጡትም ብዙ ስያሜ የሚሸከሙት ናቸው። አንዲት መስመር ሜታፎርም፣ አሊተሬሽንም፣ ኦክሲሞሮንም ከቻለች ሌላው ገጽ ለምን ያስፈልጋል? የነጥብ አሰጣጡ መመሪያ የሙያ ቃላትን መጠቀም ይጠይቃል። «አግባብ በሆነበት ቦታ» የሚልም አለበት፤ ይህቺን ግን ማንም በካርድ አልጻፋትም። ፈታኞች በሪፖርቶቻቸው ልጆቹ ስም ብቻ እየለቀሙ ትርጉሙን ይተዉታል እያሉ ደጋግመው ያጉረመርማሉ። ቃላቱን ያዘዙት እነሱ፣ ሲቀርብላቸው የሚያኮርፉት እነሱ።

የድርሰቱ ክፍል ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። «ዳፎረስት» የሚሉት ማስታወሻ አለ፤ እያንዳንዷ ፊደል አንድ የማሳመኛ ዘዴ ትወክላለች፣ ተማሪው እያስገባ ምልክት ያደርግባታል። «ኤስ» ስታቲስቲክስ ናት። ፈተና አዳራሽ ውስጥ ጥናት ከየት ይመጣል? ልጁ ራሱ ይወልደዋል፦ ዘጠና ምናምን በመቶ የሚሆኑ ወጣቶች የደንብ ልብስ እንደሚያስጨንቃቸው አንድ ስመ ጥር ዶክተር አረጋግጠዋል። ስንቱ ባለሥልጣን ዕድሜውን የፈጀበትን ችሎታ በአሥራ ስድስት ዓመት መጨበጥ ቀላል ነገር አይደለም።

የድሮዎቹ ልጆች ያሳዝኑኛል። ኤራስመስ እ.ኤ.አ. በ1511 ሞኝነትን የሚያወድስ መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነውና ከእሱ ብዙ ጠብቄ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ግን እዚሁ ለንደን ላለው የቅዱስ ጳውሎስ ትምህርት ቤት «ዴ ኮፒያ» የተባለ መጽሐፍ አበረከተ፤ ደብዳቤ ደርሶት መደሰቱን የምትገልጽ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከመቶ በላይ በሆነ መንገድ ጽፎ አሳየበት። ልጆቹም እንዲያው እንዲሞክሩት! ስሙን መጥራት ሲቻል ዘይቤውን ራስህ ሥራው መባል ምን ዓይነት ግፍ ነው? የእኛም ቅኔ ቤት ከዚህ አይሻልም። «ይህ ጉባኤ ቃና ነው» ብሎ ለይቶ ያወቀ ተማሪ የሚመሰገን እንዳይመስላችሁ። የራሱን ቆጥሮ፣ መምህሩ ፊት ነግሮ፣ ታርሞ፣ ነገ ደግሞ አዲስ ይዞ መምጣት አለበት። ካርድ አልነበራቸውም፣ ምስኪኖች።

የእህቴ ባል «ማክቤዝ»ን በወጣትነቱ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም አንብቦታል። ይህ ለቤቱ ችግር ሆኗል። በቀደም እራት ላይ ሌዲ ማክቤዝ በእንቅልፍ ልቧ እጇን የምታሽበትን ቦታ አነሳና «ያቺን የመሰለች ደፋር ምን ነካት?» ብሎ ልጁን ጠየቃት።

«ሞቲፍ ነው አባዬ።»

«እሺ፤ ግን የምታጥበው ምኑን ነው?»

«ደሙን። የደም ሞቲፍ።»

«የማንን ደም ልጄ?»

«እሱ አይጠየቅም።»

የሚጠየቀውን ከማይጠየቀው ለይቶ ማወቅ ትልቅ እውቀት ነው። አባትየው ወጡን እያየ ዝም አለ። ፈተና የሚቀመጠው እሱ አይደለም።

ውጤቱ በነሐሴ ይመጣል፤ ከፍተኛው 9 ነው፣ ያንን ታጣለች ብዬ አልሰጋም። ካርዶቹን ታናሽ ወንድሟ ከወዲሁ ወርሷቸዋል። መጽሐፉን ግን እናትየዋ ሰፈር ካለው የበጎ አድራጎት ሱቅ ወስዳ ሰጠችው፤ ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩትና ከአዲሶቹ ጋር ደረደሩት።