ሴል ሰው አይደለም ላላችሁ

በዘር የሚተላለፈውንና አንጎልን የሚያጠቃውን የሀንቲንግተን በሽታ ላቦራቶሪ ውስጥ በሚያድጉ ሴሎች ማጥናት ከንቱ ልፋት የሚመስላቸው አሉ። አንድ በአንድ እንመልስላቸው።

«ሳህን ላይ ያደገ ሴል ሰው አይደለም።»
አይደለም፤ እንኳንም አልሆነ! ሰው ስላልሆነ ነው ያልተፈተነ መድኃኒት ብናፈስበት ለቅሶ የማንቀመጠው።

«አንጎል ታሞ ቆዳ መቁረጥ ምን ይሉታል?»
ሕያው ሰው አንጎሉን ቆርሶ ስለማይሰጥ ነዋ! ቆዳውን ግን ይሰጣል። ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ እ.ኤ.አ. በ2006 በአይጥ፣ በ2007 ደግሞ በሰው እንዳሳየው፣ የቆዳ ሴል ወደ ስቴም ሴልነት፣ ማለትም ሌላ ዓይነት ሴል መሆን ወደሚችል ጥሬ ሴልነት ይመለሳል። ከዚያም በሽታው ቀድሞ የሚያጠቃውን፣ ስትራየተም በሚባለው የአንጎል ክፍል ያለውን ዓይነት ነርቭ ማሳደግ ይቻላል። አስከሬን የሚያሳየን በሽታው የጨረሰውን ነው፤ ሳህኑ ግን ሲጀምረው ያሳየናል።

«የዘር እርግማን ነው፤ ምን ትቆፍራላችሁ?»
እርግማን አይቆጠርም፤ ይህ ግን ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1993 በአራተኛው ክሮሞዞም ላይ የተገኘው ጂን ሲ፣ ኤ፣ ጂ የተባሉ ሦስት ፊደላትን ይደጋግማል። ድግግሞሹ ከ27 በታች ከሆነ ሰላም ነው፤ 40 ከደረሰ ግን ሰውየው ዕድሜ ካገኘ በሽታው አይቀርለትም። ከታመመ ወላጅ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉም 50 በመቶ ነው። እንዲህ ተቆጥሮ የታወቀን ነገር እርግማን ብሎ መተው ስንፍና ነው።

«ሰውና ሰው በሺህ ነገር ይለያያል፤ ጥፋቱ የዚያ ጂን መሆኑን በምን አወቃችሁ?»
ተመራማሪዎች ከአንድ ሕመምተኛ ሴል ወስደው ድግግሞሹን ብቻ ያርሙና መንትያ ይሠሩለታል። ያልታረመው ሲታመም የታረመው ከዳነ፣ ጥፋተኛውን ለመለየት ሌላ ምስክር አያሻም።

«በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የጎልማሳ ነው፤ ሴላችሁ ግን ገና ሕፃን ነው።»
ይህች ጥያቄ ጥርስ አላት። ወደ ስቴም ሴልነት የተመለሰ ሴል ዕድሜውን ያራግፋል። ስለዚህ በሴንት ሉዊስ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሕመምተኞችን የቆዳ ሴል በአቋራጭ፣ ስቴም ሴል ሳያደርጉ ወደ ነርቭ ቀየሩት። ዕድሜውም አብሮት ተሻገረ፤ ያ ጂን የሚያሠራው የተበላሸ ፕሮቲን ሲቋጠርም ታየ። ጥሩ ተቺ ያለው ሳይንስ እንዲህ ይሻሻላል።

«ቶሚነርሰን የተባለው የሀንቲንግተን መድኃኒት በላቦራቶሪ ተስፋ ሰጥቶ በሰው ላይ የታለ?»
እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በትልቁ ሙከራ መርፌው እንዲቆም ተደረገ። ሳህኑ ወንፊት ነው፤ ያጣራል እንጂ አይጋግርም። የማይሆነውን አስቀድሞ መጣል ብቻውን ስንት ሕመምተኛ ከከንቱ መርፌ ያድናል!

«ደማቸውን የሰጡት ድሆችስ ምን አተረፉ?»
እዚህ ላይ አልከራከርም፤ ልክ ናችሁ። ጂኑ የተገኘው በቬኔዝዌላ ማራካይቦ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ ቤተሰቦች ለተመራማሪዋ ናንሲ ዌክስለርና ለባልደረቦቿ ደማቸውን ስለሰጡ ነው። የዛሬው የሳህን ጥናት ሁሉ በዚያ ግኝት ላይ የቆመ ነው። እናም ለመድኃኒት ሠሪዎች የምለው ይህን ነው፦ ደም ሲለገስ ፊት የቆመ፣ መድኃኒት ሲታደል ኋላ አይቁም። መድኃኒቱ የተገኘ ዕለት ወረፋው ከማራካይቦ ይጀምር።