ዋላስን ተዉት፣ የገዛውን ጠይቁ

«ማይክ ዋላስ የማያሚን 60 ሚሊዮን ዶላር በልቶ ጠፋ» ትላለህ አሉ።

አንደኛ ነገር፣ 60 አልበላም። የአሜሪካን ፉትቦል ክለቡ ማያሚ ዶልፊንስ ኳስ ተቀባዩን ዋላስን እ.ኤ.አ. በማርች 2013 ያስፈረመበት ውል የአምስት ዓመት ነበር፤ ሰውየው እዚያ የተጫወተው ሁለት ዓመት ነው። ሁለተኛ፣ ሰርቆ አልወሰደም። ውሉን ጽፈው፣ 30 ሚሊዮኑን በዋስትና አስረው፣ «ፈርም» ያሉት እነሱ ናቸው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ምን ይባላል?

«ለዚያ ሁሉ ገንዘብ ታዲያ ምን አየንበት?»

የገዛችሁት እግሩን ነው፤ እግሩ ደግሞ አልጠፋም። ገና ወደ ሊጉ ሳይገባ 40 ያርድ በ4.33 ሰከንድ የሮጠ ልጅ ነው። በ2010 ፒትስበርግ ስቲለርስ ውስጥ 60 ኳስ ይዞ 1,257 ያርድ ሄደበት። አንድ ኳስ በያዘ ቁጥር በአማካይ 21 ያርድ ገደማ ማለት ነው። የአሜሪካን ፉትቦል የሚከታተል ሰው ይህን ቁጥር ሰምቶ ዝም አይልም። ግን ኳሱን ማን ነበር የሚወረውርለት? ቤን ሮትሊስበርገር። ግዙፍ ነበር፤ ተከላካይ ተንጠልጥሎበት እንኳ ቶሎ አይወድቅም ነበር፤ ወዲህ ወዲያ እያለ ሰከንዶች ይጨምር ነበር። ዋላስ በእነዚያ ሰከንዶች ነበር የሁሉንም ጀርባ አልፎ የሚገኘው።

«ማያሚም እኮ ኳስ ወርዋሪ፣ ኳርተርባክ ነበራት።»

ነበራት፤ ራያን ታነሂል። ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። በ2013 ኳሱን እንደያዘ ስንት ጊዜ መሬት ላይ እንደጣሉት ታውቃለህ? 58 ጊዜ! በዚያ ዓመት በሊጉ ከእሱ በላይ የተጣለ ኳርተርባክ የለም። 58ን ለ16 ጨዋታ አካፍለውና ና፣ ከዚያ እንነጋገራለን።

ረጅም ኳስ ጊዜ ይፈልጋል። ተቀባዩ ሮጦ ተከላካዩን እስኪጥል ድረስ ኳርተርባኩ ሁለት እግሩን ተክሎ መቆም አለበት። ዋላስ ሰውየውን ጥሎ ሲያልፍ ታነሂል ወይ ሳሩ ላይ ተዘርሯል፣ ወይ ኳሱን ለቅርብ ሰው ሰጥቷል። ሲወረውርለትም ብዙ ጊዜ ኳሱ ያጥራል። ዋላስ ፍጥነቱን ይገታል፣ ዞሮ ይጠብቃል፤ አሁን ጥሎት ያለፈው ተከላካይ መጥቶ ትከሻው ላይ ይደርሳል። 60 ሚሊዮን የተዋዋሉበት ፍጥነት እዚያች ላይ ቆመ። የሜዳው በደል ይህ ነው፤ ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል።

«እሱማ ኳርተርባኩን የሚጠብቁት ሰዎች ጥፋት ነው፣ ክለቡ ምን ያድርግ?»

ክለቡ ነው እንጂ ሌላ ማን ነው ጠባቂ የሚያመጣው! ዋላስን ባስፈረሙበት በዚያው ማርች፣ የኳርተርባኩን ግራ የሚጠብቀው ጄክ ሎንግ ወደ ሴንት ሉዊስ ራምስ ሄደ። በ2008 የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ አንደኛ ሆኖ የተወሰደ ተጫዋች ነው። ጉዳት ይመላለስበት ነበር፣ እሺ፤ ግን በማን ተኩት? ጆናታን ማርቲንን በቦታው አቆሙት። ኦክቶበር ሲያልቅ ማርቲን ቡድኑን ጥሎ ወጣ፤ በእሱ ላይ ይፈጸም የነበረው ማንገላታት ሲሰማ ደግሞ በዚያው የጥበቃ መስመር የሚሰለፈው ሪቺ ኢንኮግኒቶ ታገደ። በዚህ መካከል ብራያንት ማኪኒን ከባልቲሞር አምጥተው ሰደሩ። ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ! ሩቅ የሚሮጥ ሰው ከመግዛት በፊት የሚወረውረውን የሚጠብቅ ሰው ይፈለግ ነበር።

«ሌላው ተቀባይ ብራያን ሃርትላይንስ? ያው ቡድን፣ ያው ኳርተርባክ፣ ያው መስመር።»

ይህ ጥያቄ ጥያቄ ነው፤ አልሸሸውም። ሃርትላይን በዋላስ ውል ግማሽ በሚሆን ገንዘብ በ2013 76 ኳስ ይዞ 1,016 ያርድ ሄደ። ዋላስ 73 ይዞ 930። አየህ? ሃርትላይን በልክ ይሮጥ፣ በልኩ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆም፣ ወደ ዳር ይዞር ነበር፤ ኳሱ ከታነሂል እጅ ቶሎ ይወጣ ነበር። የማያሚ ማጥቃት የተሰፋው በሃርትላይን ልክ ነበር። ዋላስን ደግሞ የማጥቃት አሰልጣኙ ማይክ ሸርማን አብዛኛውን ጊዜ ቀኝ ዳር ላይ ነው ያቆሙት፤ ተጋጣሚ ጨዋታው ሳይጀመር የት እንዳለ ያውቃል፤ አንድ ሰው ከፊቱ፣ አንድ ሰው ከበላዩ አድርጎ ይጠብቀዋል።

«ማኩረፉንስ ምን ትለዋለህ?»

እሱን አልሟገትለትም። በ2013 የመጀመሪያ ጨዋታ ክሊቭላንድን 23 ለ 10 አሸንፈው፣ ዋላስ አንድ ኳስ ብቻ ይዞ 15 ያርድ በመሄዱ ተቆጥቶ ለጋዜጠኛ አልናገርም፣ አሰልጣኙን ጠይቁ አለ። ጓደኞችህ ድል አድርገው ማኩረፍ ነውር ነው። ጥያቄው ግን ትክክለኛው ሰው ዘንድ ተልኳል። መልሱን የሰጠው ቀጣዩ ዓመት ነው፤ ቢል ሌዘር ማጥቃቱን ተረክቦ ከቦታ ቦታ ሲያዘዋውረው ያርዱ ወደ 862 ቢወርድም 10 ታችዳውን አገባ። በፒትስበርግ ምርጥ ዓመቱ ያገባውን ያህል! ቡድኑ ሁለቱንም ዓመት 8 አሸንፎ 8 ተሸንፎ ጨረሰ። ከዚያ ወደ ሚኔሶታ ሸኙት።

«አርጅቶ ነበራ!»

በ30 ዓመቱ የሆነውን ልንገርህ። ኖቬምበር 6 ቀን 2016፣ ዋላስ በባልቲሞር ሬቨንስ መለያ፣ ፊት ለፊት የድሮ ቡድኑ ፒትስበርግ። ባልቲሞር በራሱ ጎል አፍ ተጣብቋል። ኳርተርባኩ ጆ ፍላኮ ብዙ አልጠበቀም፤ አጭር ኳስ፣ ወደ መሃል ሲቆርጥ፣ ሩጫውን ሳያቋርጥበት እጁ ላይ አስቀመጠለት። የቀረው የእግር ነው፤ 95 ያርድ ሄዶ አገባ። በሬቨንስ ታሪክ በቅብብል ከገቡት ሁሉ ረጅሙ ሆነ። ያን ዓመት በ72 ኳስ 1,017 ያርድ ጨረሰ፤ ደመወዙም ማያሚ ከከፈለው ጋር አይቀራረብም።

«ታዲያ ለማያሚ ይሆን ነበር ነው የምትለው?»

አይሆንም ነበር። ይህን ግን በማርች 2013፣ እስክሪብቶ ከማንሳቱ በፊት ማወቅ የነበረበት ክለቡ ነው።