ሱሉልታ ተቀምጦ አዲስ አበባ ለሚማር ሰው

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ እየኖሩ አዲስ አበባ የሚሰጥ የቴክኒክ ሥልጠና በኦንላይን ከጀመሩ እንኳን ደስ አለዎት። ከእንግዲህ የታክሲ ሰልፍ የለም። የቡራዩው ሰው አሸዋ ሜዳ ላይ ከሲኖትራክ ኋላ ተገትሮ አይቀርም፤ የሱሉልታውም እንጦጦን ተሻግሮ አዲሱ ገበያ ለመድረስ በጨለማ አይነሳም። የሰበታው ጉዳይ ለብቻው ይታይ። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የባቡር ሐዲዱ ከደጁ ተነስቶ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅቡቲ ይገባል፤ ሜክሲኮ ያለው ክፍል ለመድረስ ግን እስከ አየር ጤና በሚኒባስ መጋፋት ግድ ነበር። ይህ ሁሉ ቀረልዎ።

መንገዱ ሲቀር ግን ምስክርዎም አብሮ ቀረ። ጠዋት ቦርሳ አንግቶ ወጥቶ ማታ አቧራ ለብሶ የገባ ሰው መማሩን ማንም አይጠራጠርም፤ ፒያሳ ማኪያቶ ሲጠጣ ውሎ እንኳ ቢሆን። ቤት ተቀምጦ ስልክ ላይ ያፈጠጠ ሰው ግን በቤተሰብ ሕግ ሥራ ፈት ነው። የፓይተኑ ትምህርት ሊገባዎ ሲል እናትዎ ብቅ ብለው፣ «ዝም ብለህ ከምትቀመጥ ይቺን ጤፍ ወፍጮ ቤት አድርስልኝ» ይላሉ። «ዝም ብለህ» ያሉትን አይከራከሩ፤ ማይክዎ ተዘግቷል፣ እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ በየቀኑ ከቤት ይውጡ። ጫማዎን ጠርገው፣ ቦርሳዎን አንግተው፣ ጎረቤት እንዲሰማ ጮክ ብለው «ደህና ዋሉ» ይበሉ። ታክሲ ተራው ድረስ ሄደው በጓሮ በኩል ይመለሱ። ጓሮ የሌለው ሰው አንድ ሻይ አዝዞ ካፌ ይቀመጥ፤ አስተናጋጇ ጠረጴዛውን ለሦስተኛ ጊዜ ስትወለውል ሁለተኛውን ሻይ ማዘዝ ግን ያገር ወግ ነው።

ትምህርቱ ሲጀመር አይቸኩሉ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች «ይሰማል?»፣ «ስክሪኑ ይታያችኋል?» በሚሉ መሠረታዊ ጥያቄዎች ላይ ያልቃሉ። አለባበስን በተመለከተ የሱሉልታ ሠልጣኞች ከወገብ በላይ ሸሚዝ፣ ከወገብ በታች ጋቢ ቢያደርጉ ብርዱንም ክብሩንም ይችሉታል፤ ካሜራው እንደበራ ቻርጀር ለማምጣት ግን እንዳይነሱ። የቤት ሥራ ላልሠራ ሰው «መብራት ሄዶብኝ ነው» ሁልጊዜ የሚታመን ምክንያት ነው። ቢሆንም አስቀድመው ያጣሩ፤ አሠልጣኙ የቡራዩ ሰው ሆኖ ከእርስዎ ጋር በአንድ ትራንስፎርመር ሊገናኝ ይችላል።

ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ሁለተኛ ደረጃ የተማሩ ከሆነ ከሩቅ ለሚመጣ አስተማሪ አዲስ አይደሉም። የፕላዝማው መምህር በሳተላይት መጥቶ፣ በእንግሊዝኛ ጠይቆ፣ እስክሪብቶዎን ሳያነሱ ራሱ መልሶ ይሄድ ነበር። የዛሬውን ማስቆም ይቻላል። አደጋውም እዚያ ላይ ነው፤ ለምሳ የቆመ ቪዲዮ እስከ ፋሲካ ቆሞ ያገኙታል።

ስቀልድ ግን ነገሩን የናቅሁት እንዳይመስልዎ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በትብብር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ፕሮግራሚንግንም ዳታ ሳይንስንም በነፃ ያስተምራል። ለሰበታ ልጅ የትራንስፖርት ሳንቲም ሳያስወጣ የተከፈተ በር ነውና ዳታዎን ሞልተው ይግቡበት።

የመረጡት ሙያ ብየዳ ከሆነ ግን ሌላ ምክር አለኝ። የኤሌክትሮዱን አያያዝ፣ የአምፔሩን ልክ፣ የመነጽሩን አስፈላጊነት ከስልክ ላይ በሚገባ ያጥኑ። ለብቃት ምዘና ሲቀርቡ ሁለት ብረት ተሰጥቶዎ «አያይዛቸው» ይባላሉ፤ «ቪዲዮውን ጨርሻለሁ» ማለት ብረቱን አያያይዘውም። ስለዚህ መንገድ ዳር በርና መስኮት ከሚሠራው ሰውዬ ጋር ከወዲሁ ይወዳጁ። ብረት ያቀብሉለት፣ ከሰዓት በኋላ ሻይ ይጋብዙት። ዙም የሌለው፣ ሰርተፊኬት የማይሰጥ፣ ሲያጠፉ ግን ወዲያው የሚቆጣዎ አሠልጣኝ ነው። የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሚማሩም እንዲሁ ያድርጉ፤ በተለይ በእነሱ ሙያ የተግባር ስህተት «ድጋሚ ይሞክሩ» የሚል ጽሑፍ አያወጣም።

ሲጨርሱ ሰርተፊኬቱን በስልክ ለማሳየት አይሞክሩ። ማተሚያ ቤት ሄደው በቀለም ያሳትሙ፣ ላሚኔት ያስደርጉ፣ ሳሎን ይስቀሉ። ቤተሰብ መማርዎን የሚያምነው ያን ቀን ነው። አምኖም ወዲያው የቴሌቪዥኑ ምስል የተበላሸው በምን እንደሆነ ይጠይቅዎታል። ዳታ ሳይንስና ዲሽ አይገናኙም ብለው ለማስረዳት አይድከሙ። መሰላሉን ከበያጁ ይዋሱ።