ራሱ የተቆረጠ ቃል

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

በጀማ ገደል ወዲህና ወዲያ ማዶ ሁለት የከብት አገሮች ነበሩ። ገደሉን ወርዶ ለመውጣት ከማለዳ እስከ ማታ ስለሚፈጅ ወሬ የሚሻገረው በጩኸት ነው። ልደቱ፣ ሞቱ፣ የአሞሌ መምጣት፣ የነብር መታየት፣ ሁሉም ከአፋፍ ወደ አፋፍ ይጮኻል። ተቀብላ የምታደርሰው ገደል ማሚቶ ናት።

ገደል ማሚቶ ውሸታም አልነበረችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጥፋቱን ሁሉ በእሷ ላይ መጣል ስለሚቀለን ነው። አንድ ጉድለት ግን አብሯት ተፈጥሯል፤ የንግግሩ መጀመሪያ ይዋጥና ከእሷ ዘንድ ጥርት ብሎ የሚሰማው ጫፉ ብቻ ነው። «የት ነሽ?» ሲሏት «…ነሽ? …ነሽ?» ትላለች። ለሰላምታና ለእንኳን ደስ አለሽ ይህ ማንንም አልጎዳም።

እማማ ቡሬ ወዲህ ማዶ ትኖራለች። ልጇ ዳልቻ ወዲያ ማዶ ተድራ የመጀመሪያ ጥጃዋን ወልዳለች። ቡሬ የደስታን ነገር ከአያቶቿ እየሰማች አድጋለች። ደስታ ስሙ እንጂ ግብሩ አይደለም፤ የከብት ሁሉ ፍጅት የሆነ በሽታ ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር መጥቶ አገሩን ሲያዳርስ፣ ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይነገራል። በሬ ያጣ ገበሬ በዶማ ቆፈረ። ማሳው ጦም አደረ፤ ሰዎች እስከ ዛሬ ክፉ ቀን የሚሉት ረሀብም እስከ 1884 ዓ.ም. ዘለቀ።

ስለዚህ ሐኪሟ ወፍ ሳቢሳ ክትባት ይዛ ስትመጣ፣ አንድ ጊዜ የተወጋ ዕድሜ ልኩን ደስታ እንደማይነካው ስትናገር፣ ቀድማ የተሰለፈችው ቡሬ ነበረች። መከተቧ እንዲታወቅ ጆሮዋ ላይ ምልክት ተደረገላት። ደሙ ሳይደርቅ ወደ አፋፉ ሮጠች፤ ልጇን አስባ ባላት ኃይል ሁሉ ጮኸች።

«ልጄ፣ ያልተከተበ ይሞታል!»

ገደል ማሚቶ ተቀበለች። «ልጄ» ቀረ። «ያል» ቀረ። ማዶ የደረሰው «…ተከተበ ይሞታል! …ተከተበ ይሞታል!» የሚል ነበር።

ዳልቻ ጆሮዋን አቆመች። ድምፁ የእናቷ ነው። የማታውቀው ድምፅ ቢሆን «ማነህ? ማን ነገረህ?» ብላ በጠየቀች ነበር፤ እናት ግን አትጠየቅም። ያን ማታ ለጎረቤቷ ነገረች። ጎረቤቷም ለእህቷ «የዳልቻ እናት ናት ያለችው» አለች። በማግስቱ በረቱ ሁሉ አንድ ቃል ይዞ አደረ፤ ሳቢሳ ክንፏን ዘርግታ ብትሻገር በቀንድ ተቀበሏት።

ጋሽ ቦራ የተባለው ሽማግሌ በሬም፣ «የእኔ ቅድመ አያት ሳትከተብ ክፉ ቀንን አልፋዋለች» ሲል መሰከረ። እውነቱን ነው፤ አልፋዋለች። ያለቁት ዘጠኙ ግን ለምስክርነት አልመጡም፤ የሚመሰክርላቸው ዘርም አልተዉም።

ይህን ጊዜ ነው አያ ጅቦ የደረሰው። የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው ያው ጅብ ነው፤ አሁን ግን መድኃኒት አዋቂ ነኝ አለ። ገደል ማሚቶ ሰባት ጊዜ የምትመልስበትን ድንጋይ ለይቶ ያውቃል። ሌላው ከየትም ሆኖ ሲጮህ እሱ እዚያች ድንጋይ ላይ ወጥቶ፣ «ፌጦና ኮሶ ይበቃችኋል! መርፌው ያመክናል!» አለ። «ያመክናል! ያመክናል!» እያለ ገደሉ ሰባት ጊዜ አስተጋባ። ዋጋ አልጠየቀም፤ «ለነፍሴ ነው» አለ። የቸኮለ ጅብ ቀንድ እንደሚነክስ ያውቃል፤ እሱ አልቸኮለም።

«ያመክናል» የምትለዋን ቃል እኛም እናውቃታለን። በ2011 ዓ.ም. የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር ስንት እናት ይህችን ቃል ሰምታ በሯን እንደዘጋች ሳስብ ያመኛል። እናቶቹ ሞኞች አልነበሩም። የልጅ ልጅ ማየት የሚናፍቅ ሰው የሚፈራውን ነበር የፈሩት።

ደስታ በውኃ መውረጃው በኩል ገባ። መጀመሪያ የጥጃው ዓይን አነባ። ዳልቻ አቧራ መስሏት በምላሷ ጠረገችለት። በማግስቱ አካሉ እንደ ፍም ጋለ፤ አፉ ውስጥ ቁስል ወጥቶበት ጡት እየያዘ ይለቅ ጀመር። ፌጦውን ሰጠችው። ኮሶውን ሰጠችው፤ አስቀመጠው፤ ይብሱን ደከመ። ኮሶ ለኮሶ ትል ነው፤ ለደስታ ምንም አያውቅም። ወዲህ ማዶ ያሉት ከወዲያ የሚመጣውን እምቧታ ሌሊት ሙሉ ሰሙ፤ ገደል ማሚቶም ጫፍ ጫፉን ትደግመው ነበር።

ቡሬ ደግማ አልጮኸችም። አንገቷን ዝቅ አድርጋ ቁልቁለቱን ጀመረች።

ደስታ ዛሬ ከምድር ጠፍቷል፤ መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ለዓለም ተነግሯል። ከአገራችን የወጣውም በእግር ነው፤ በ1987 ዓ.ም. ገደማ በአፋር በረሃ በረዶ የማይፈልገውን ክትባት ተሸክመው ከብት ወዳለበት የተጓዙት ከአርብቶ አደሩ ከራሱ የተመረጡ ሰዎች ነበሩ። የደስታ የሥጋ ዘመድ ኩፍኝ ግን አሁንም ከልጆቻችን ጋር ነው፤ አንድ የታመመ ልጅ ካልተከተቡት መካከል ከ12 እስከ 18 ሊያስይዝ ይችላል። ገደል ማሚቶም ከገደሏ ወጥታ ኪሳችን ገብታለች። ከሪያድም ይሁን ከአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ በቴሌግራም የምትደርሰን የአክስት ድምፅ ከፍቅር የተላከች ናት፤ የቡሬም ቃል እንዲሁ ነበር።

ቡሬ ወዲያ ማዶ ስትደርስ መሽቷል። ጉልበቷ ደምቷል። ጥጃው የበረቱ ጥግ ተኝቷል፤ ዳልቻ አሁንም ትልሰዋለች፤ እሱ ግን ቀዝቅዟል። ቡሬ ምንም ሳትል አጠገቧ ተኛች። ሌሎቹ ላሞች ጥጆቻቸውን ከሆዳቸው ሥር ሸሽገው በሩ ላይ ቆሙ።

እኩለ ሌሊት ሲሆን ዳልቻ ቀና ብላ የእናቷን ጆሮ አየች። ምልክቱን በአፍንጫዋ ነካችው። ቁስሉ ደርቋል።

«እማ፣ ያን ቀን ምን ነበር ያልሽኝ?»

ቡሬ ዝም አለች።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

በሩ ላይ የቆሙት ቀረብ አሉ። ቡሬ አፏን ልጇ ጆሮ ላይ አስጠግታ፣ ቀስ ብላ፣ ከ«ያል» ጀመረች።