ከሻንጣ የወጣ ምጣድ

ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የጉምሩክ ሠራተኛዋ በራጅ ማያው ላይ ሁለት ክብ ብረቶች ተደራርበው አየችና ሻንጣውን አስቆመች። ከዋሽንግተን የመጡት አክስት ስለ ብረቶቹ የሚያውቁት ነገር ቢኖር፣ ከተፈቀደላቸው 23 ኪሎ ላይ የራሳቸውን ካፖርትና ጫማ ማስቀነሳቸውን ብቻ ነው።

«እናቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ! የወንድሜ ልጅ አምጪልኝ ብሎ ነው። ምጣድ መሰለኝ።»

ምጣድ አይደለም፤ የቮልስ የፊት ዲስክ ፍሬን ነው። ስሙ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ምጣድ ሆኖ ቀረ።

የወንድም ልጅ በሥራው ሒሳብ ሠራተኛ፣ በምኞቱ የበረሃ ሾፌር ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ዴቢትና ክሬዲት ያስታርቃል፤ ቅዳሜና እሑድ በጓሮው ከአንዲት የ1967 ሞዴል ቮልስ ላይ ባጊ የሚባል የበረሃ መኪና ይሠራል። የቮልሷን አካል ነቅሎ ለምናለሽ ተራ ሸኝቶ፣ ወለሏን ከመሐል ቆርጦ አሳጥሮ፣ በላዩ ላይ ቱቦ ብረት በይዷል። ጎረቤቱ የዶሮ ቤት ነው ብሎ ካመነ ዓመት አልፎታል። አንዲት እናትማ እንቁላል ሲጀመር እንዳይረሳቸው አደራ ብለውታል።

ሲስቁበት መልስ አያጣም። በፈረንጆች 1964፣ ካሊፎርኒያ ኒውፖርት ቢች ውስጥ፣ ብሩስ ማየርስ የሚባል ጀልባ ሠሪ ጀልባ በሚሠራበት ፋይበርግላስ አካል አበጅቶ የቮልስ ሞተርና እግር ገጠመለት፤ ማየርስ ማንክስ የተባለው ባጊ ተወለደ። ኋላ ለገበያ የወጡት፣ ወለሉ በ36 ሳንቲሜትር ገደማ ባጠረ ቮልስ ላይ የሚቀመጡ ነበሩ። በ1967 ማየርስና ጓደኛው ቴድ ማንግልስ ከላፓዝ እስከ ቲጁዋና ያለውን የሜክሲኮ በረሃ በ34 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አቋርጠው፣ በሞተር ብስክሌት ተይዞ የነበረውን ክብረ ወሰን ከአምስት ሰዓት በላይ አሻሻሉት። ባለባጊው ይህን ሰዓት ከልጆቹ ልደት ይልቅ አጥርቶ ያውቀዋል። ሚስቱ ሁለቱንም ጠይቃ አረጋግጣለች።

እንደ አብዛኛው ባለባጊ የጀመረው ከሞተሩ ነው። ሊያይ የመጣው ሁሉ «ስንት ይሮጣል?» ይላል እንጂ «ይቆማል ወይ?» ያለ አልነበረም። ጥያቄውን ያነሣው የማድ ቤቱ ግድግዳ ነው። ዝናብ ባባራበት አንድ እሑድ ባጊው በጓሮው ኩሬ ውስጥ አለፈ፤ አሮጌው የታምቡር ፍሬን ውኃ ጠጣ፤ ሾፌሩ ረገጠ፤ ባጊው ግን ሐሳቡን አልቀየረም። ምሳ የሚሆነው ምስር ተደፋ።

ታምቡር እንደ ተከደነ ድስት ነው። ሸራዎቹ ከውስጥ ሆነው ግድግዳውን ይገፋሉ፤ ጭቃና ውኃ አንዴ ከገባ በቀላሉ አይወጣም፤ ሙቀቱም እንደዚያው። ዲስክ ግን ሜዳ ላይ ነው የሚሽከረከረው። ካሊፐሩ ከግራና ከቀኝ በሸራ ይጨብጠዋል፤ ውኃውን ራሱ እያሽከረከረ ይጥለዋል፤ ነፋስም ያገኘዋል። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር በ1902 የፈጠራ መብት አውጥቶበት ነበር፤ ጣጣው የተጠቀመበት መዳብ ዲስኩን ሲነካ የሚያሰማው ጩኸት ነው። ዓለም ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ጆሮውን ይዞ ቆየ። በ1953 ጃጓር በደንሎፕ ዲስክ የለማንን የ24 ሰዓት ውድድር ሲያሸንፍ ግን፣ እጁን ከጆሮው ላይ አንሥቶ አጨበጨበ።

ቮልስም በ1966 አውሮፓ ውስጥ ለ1500 ሞዴሏ የፊት ዲስክ ሰጠች። የባለባጊው ግን 1300 ነች። የእሷ ቸርኬ የሚታሰረው በ5 ብሎን፣ 205 ሚሊሜትር በሚሰፋ ክብ ዙሪያ ነው፤ አክስት የተሸከሙት ዲስክ 4 ብሎን፣ 130 ሚሊሜትር። 5 ከ4 ጋር እንደማይታረቅ ማንም ባይነግረው ሒሳብ ሠራተኛ ሊያውቀው ይገባ ነበር። ሶማሌ ተራ ሁለት ቅዳሜ ተንከራትቶ ለፊት ባለ 4 ቀዳዳ ቸርኬ አገኘ፤ የኋላዎቹ በ5ታቸው ቀሩ። አሁን ሁለት ዓይነት ትርፍ ጎማ የሚያስፈልገው፣ ለአንዱም ቦታ የሌለው መኪና ባለቤት ነው።

የዚህ ወግ ጸሐፊ ወደ ታሪኩ የገባው በእግሩ ነው። ፍሬን ሲገጠም ከቧንቧው ውስጥ አየር መውጣት አለበት፤ አንዱ ፔዳል ይረግጣል፤ ሌላው ጎማው ሥር ተኝቶ ማስተንፈሻውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ጸሐፊው ከሙያ ነጻ በመሆኑ ለመርገጥ ተመረጠ። «ርገጥ! ያዝ! ልቀቅ!» ሲባል ሦስት ሰዓት አለፈ። ፔዳሉ ግን አሁንም እንደ ጤፍ ሊጥ ይሰምጣል። የተንጠባጠበው የፍሬን ዘይት ባለፈው ሳምንት የተቀባውን ቀይ ቀለም ላጠው። ዘይቱ ቀለም እንደሚበላ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ ያነበበው ግን የለም።

ወደ ማታ ጋሼ መጡ። ጋሼ በቮልስ ሥር ተኝተው ያሳለፉት ዘመን ከአልጋ ላይ ካሳለፉት ይበልጣል የሚባልላቸው ጡረተኛ መካኒክ ናቸው። ጎንበስ ብለው አዩ፤ ሻይ ጠየቁ፤ ፉት አሉ።

«ልጆች፣ አየር ዘይት ውስጥ ሲሆን ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ላይ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ማስተንፈሻው ለምን ታች ሆነ?»

የግራው ካሊፐር በቀኝ፣ የቀኙ በግራ ተገጥሟል። አየሩ አናት ላይ ተንፈላሶ ተቀምጦ፣ ሁለት የተማሩ ሰዎች ጥሩ ዘይት ሲያፈስሱ ሲመለከት ነው የዋለው። ካሊፐሮቹ ቦታ ተለዋወጡ፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠና። ጋሼ ካቻምና የተከፈተውን የዘይት ጠርሙስም አስደፉ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሳይደርስ አይፈላም፤ ውኃ ሲጠጣ ግን እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። የፈላ ዘይት ተን ይሆናል፤ ተን ደግሞ እንደ አየር ይሰምጣል፤ እግርም ወለል ይረግጣል።

በማግስቱ ባጊው ጓሮውን ሦስት ጊዜ ዞሮ ቆመ። ሲነሣ እንደ ግትር በቅሎ እምቢ አለ። ከፊት ጎማው የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ባለባጊው ዲስኩ ላይ ምራቁን እንትፍ ሲል ጭስስ አለ።

«ምጣዱ ጋለ!» አለች ሚስቱ ከማድ ቤቱ በር። «ሊጡን ላምጣው?»

ጥፋቱ የአሮጌው የፍሬን ፓምፕ ነው። ለታምቡር የተሠራ ፓምፕ፣ እግር ሲነሣም ጥቂት ግፊት ይዞ የሚያስቀር ቫልቭ አለው፤ ሸራዎቹ ከግድግዳው እንዳይርቁ። ዲስክ ይህን ውለታ አይፈልግም፤ በዚያው ግፊት ሸራው ሳይለቀው እየፈተገው ይሄዳል። ለዲስክ የሚሆን ፓምፕ በሌላ ዘመድ ሻንጣ እስኪመጣ አንድ ወር ሄደ።

ወሩ ለመሪው ዋለ። መኪና ሲታጠፍ የውስጠኛው የፊት ጎማ ጠባቡን ክብ ስለሚዞር ከውጭኛው ይበልጥ መታጠፍ አለበት። ይህን ለሠረገላ ያሰበው የሙኒኩ ጌኦርግ ላንከንስፐርገር ነው፤ በ1818 ለንደን ላይ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው ግን ወኪሉ ሩዶልፍ አከርማን። እስከ ዛሬ «የአከርማን መሪ» ይባላል። ጸሐፊው ይህን ሲሰማ ሦስት ሰዓት ሙሉ የረገጠውን ፍሬን አሰበና፣ በማን ስም ሊጠራ እንደሆነ ጠየቀ። መልስ አላገኘም።

መሪውን ከፊት ጎማዎቹ ጋር የሚያያይዙት የቮልስ ሁለት ቲራንቴዎች እኩል አይደሉም፤ መሪዋ በግራ ለሆነችው የግራው አጭር፣ የቀኙ ረጅም ነው። ባለባጊው አዳዲስ ገጠመ፤ ከዚያ በሲባጎና በሜትር ጎማዎቹን አስተካከለ፤ ከፊት በኩል ከኋላው በጥቂት ሚሊሜትር ጠበብ እንዲሉ። ልኩ ደረሰ። ደስ ብሎት ሲነዳ ጎማው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ መሪው ግን ሩብ ዙር ወደ ግራ ዞሮ ነው። ያጠበበው አንዱን ቲራንቴ ብቻ በማዞር ነበር። ጋሼ አንዱን ባረዘሙበት ልክ ሌላውን አሳጠሩትና ሻያቸውን ጨረሱ።

ፓምፑ ደርሶ ተገጠመ። ባጊው ሰሌዳም ቦሎም ስለሌለው ለሙከራ ወደ ሱሉልታ የሄደው በአይሱዙ ተጭኖ ነው። አዲስ ዲስክና አዲስ ሸራ ወዲያው ሙሉ ጉልበት አይሰጥም፤ በመጠነኛ ፍጥነት እየነዱ፣ በለስላሳው እየረገጡ፣ ጨርሰው ሳያቆሙ እየለቀቁ፣ በመሐል እያቀዘቀዙ ማላመድ ያስፈልጋል። በአሥረኛው ረገጣ ላይ ስልክ ጮኸ። አክስት ናቸው፣ ከዋሽንግተን።

«ምጣዱ እንዴት ሆነ? ተሟሸ?»

«አሁን እያሟሸሁት ነው አክስቴ።»

«ጎበዝ! በጎመን ዘር እሽልኝ ታዲያ፣ ወዝ እስኪያወጣ!»

ጋሼ ስልኩን ከእጁ ነጠቁት። «እትዬ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ቅባት የሚባል ነገር እንዳያስነኩት!»